መርዶ ይዤ ወደ ግሮኒንገን

ከኮልፌ ተነስቶ አውሮፓ ደርሶ የተመለሰ ሰው ለአንድ ወር ወሬ አያልቅበትም። ጎረቤቱ ሁሉ እያስቆመ «እሺ፣ እንዴት ነበር? ብርዱስ? ምግቡስ?» ይለዋል። እኔን ግን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ያለውን የብረት በር መሥሪያዬን በከፈትኩበት ቀን ያገኘኝ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ተቀበለው?» ነው ያለኝ። ለምን እንደሄድኩ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የሄድኩበት ወንድሜ ነው። ስለ ብርዱና ስለ ምግቡ ጠያቂ ካጣሁ እኔው ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን ታኅሣሥ ላይ አረፈች። ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም ያኔ ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ግሮኒንገን በምትባል ከተማ፣ ሕግ እየተማረ ነበር። ከቀብር መልስ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው «ልጁ ፈተና ላይ ነው» አሉ። «መርዶ በስልክ አይነገርም። በሰው አገር፣ ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆንስ? ትምህርቱን ይጨርስ።» ሁላችንም ተስማማን። ሲጨርስ ደግሞ «ሥራ ይያዝና» ሆነ። እስከዚያው እማዬ እምድብር እህቷ ዘንድ ሄዳለች፣ ኔትወርክ የለም፣ ጆሮዋም ደክሟል እያልን ቆየን።

ሰኔ ላይ ግን ቢኒ አላስቀምጥ አለን። «ተመርቄ ልምጣ ወይስ እዚሁ ሥራ ልፈልግ? ከእማዬ አፍ ካልሰማሁ አልወስንም» አለ። እህታችን ምንትዋብ ቁርጥ የእማዬ ድምፅ አላት፤ ከጓዳ ስትጠራን እንኳ ማን እንደጠራን እንሳሳት ነበር። ስልኩን ሰጠኋት። ምን እንደምትለው የነገርኳትም እኔ ነኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሳል እየሳለች፣ «ቆይ ልጄ። እዚያው ሥራ። እኔ ደኅና ነኝ» አለችው። ቢመጣ ፊት ለፊት ልነግረው ነዋ፤ ያንን ቀን ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ቢኒ ቆየ። መስከረም ላይ ስደተኞችን የሚረዱ ጠበቆች ቢሮ ውስጥ ሥራ አገኘ። ደስ ሲለው ምን አደረገ? ለእማዬና ለእኔ የግብዣ ደብዳቤ ላከ። «ቪዛ ከለከሏት እንበለው» አልኩ። ጋሽ ወልዴ ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «ልጁ እኮ ሕግ ነው የተማረው። ተከለከለች ብትሉት ይግባኝ ይላል።» እውነታቸውን ነው። ስለዚህ «ተፈቅዶልናል፣ እሑድ ማታ እንደርሳለን» አልኩት። የእኔ ትኬት ግን ዓርብ የሚያደርስ ነበር። ረቡዕ የሁለት ዓመት የሥራ ውል ሊፈርም ቀጠሮ እንዳለው ነግሮኛል። እሑድ ንጋት ላይ ይወቅ፣ ቢፈርምም ቢተወውም እያወቀ ያድርገው ብዬ ነው የተነሳሁት።

ሐሙስ

ምንትዋብ ሻንጣዬን ስታዘጋጅ የእማዬን ነጠላ ከታች አነጠፈች፤ በላዩ በሶና ዳቦ ቆሎ አደረገች። ስወጣ ጋሽ ወልዴ በር ላይ ጠብቀውኝ እናቴ ስንት ቀን እንደታመመች፣ በስንት ሰዓት እንዳረፈች ሳይቀር አስረዱኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። ምርቃታቸውን ተቀብዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ቦሌ ስደርስ የቢኒ መልእክት ገባ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ስትነሱ እማዬ መስኮት ጋ ትቀመጥ። ካልሲ ደርባ ታድርግ፣ እዚህ ብርዱ ቀልድ የለውም።» «እሺ» ብዬ መለስኩለት። በዚያ ዓመት እንደ እሺ ያለ ቀላል ውሸት አላገኘሁም። አውሮፕላኑ ውስጥ ዶሮ በሩዝ አቀረቡ፤ አልበላሁትም፣ ዳቦውን ብቻ ኪሴ ከተትኩ።

ዓርብ

ጠዋት ፍራንክፈርት ደረስን። ፓስፖርት የሚያየው ፖሊስ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነው። የግብዣ ደብዳቤውን አገላበጠና «እዚህ ላይ የተጋበዙት ሁለት ሰዎች ናቸው። እናትህ የት ናት?» አለኝ።

እንግሊዝኛዬ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የተረፈች ናት። «ሞታለች» አልኩት። አሥር ወር ሙሉ በአማርኛ ከአፌ አልወጣ ያለ ቃል በእንግሊዝኛ ምንም አልከበደኝም። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «አዝናለሁ። የጋበዘህ ወንድምህ ያውቃል?»

«ልነግረው ነው የምሄደው።»

ማኅተሙን ይዞ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በቀስታ፣ ወረቀቱ እንዳያመው የፈራ ይመስል፣ መታው። በአውሮፓ ምድር እናቴ መሞቷን ከአፌ መጀመሪያ የሰማው ይህ የማላውቀው ፖሊስ ነው። አፈርኩ።

ከዚያ በሌላ አውሮፕላን አምስተርዳም ገባሁ፤ ሺፕሆል የሚሉት አውሮፕላን ማረፊያ ሥር ባቡር ጣቢያ አለ። የማርፍበት ቤት ባለቤት፣ የጋሽ ወልዴ የእህት ልጅ እትዬ አስካለ፣ በስልክ «ግሮኒንገን የሚለውን አንብበህ ግባ» ብለውኛል። እኛ ጋ ግን ፌርማታው ላይ ቀድሞ የቆመው ውስጥ ነው የሚገባው። እኔም ቀድሞ የቆመው ውስጥ ገባሁ። ባቡሩ ተራራ የሚባል ነገር ዓይቶ በማያውቅ ሜዳ ላይ፣ በላሞችና በቦዮች መሀል፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዞ ሊዋርደን የምትባል ሌላ ከተማ አወረደኝ። ወረቀቴን ይዤ ስዞር አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው ወደ ሌላ መሳፈሪያ ወሰዱኝ። የሚሄዱበት ሌላ ነበር፤ ግን ባቡሬ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ፣ ከቦርሳቸውም አይብ ያለበት ዳቦ አውጥተው ግማሹን ሰጡኝ። ምሳ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ቀዝቃዛ ዳቦ። ቆመን በላን። ከቤት ከወጣሁ የበላሁት የመጀመሪያ ምግብ ነው፣ ስለዚህ አላማውም።

እትዬ አስካለ ግሮኒንገን ጣቢያ ላይ ጠበቁኝ። ስልሳ የተጠጉ፣ አጠር ያሉ፣ ፈጣን ተናጋሪ ሴት ናቸው፤ በአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ። ቤታቸው ወስደው ሽሮ አቀረቡልኝና ስበላ ያዩኝ ጀመር።

«ስንት ወር ሆነ አልከኝ?»

«አሥር።»

«አሥር!» ማንኪያውን አስቀመጡት። «ሰው አይደላችሁም እንዴ? እኔ የእናቴን ሞት በስልክ ጽሑፍ ነው የሰማሁት። አንዲት አሮጊት ገላ እያጠብኩ ነበር። አንብቤ ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ማጠቤን ጨረስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ከተማ ማንም ሐበሻ ብቻውን መርዶ አይሰማም ብያለሁ፤ ስንቱን አርድቻለሁ። ግን አሥር ወር ያቆየ ቤተሰብ አላየሁም።»

እሳቸውም ተቆጥተው ሲያበቁ አልጋዬን አነጠፉ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደረቡልኝ፣ የባኞውን ሙቅ ውኃ አከፋፈት አሳዩኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት መስኮት ስከፍት የተቀቀለ ነገር ሽታ መጣ። «የስኳር ፋብሪካው ነው፣ ነፋሱ በዚያ በኩል ሲሆን ከተማውን ይሞላዋል» አሉኝ። እኛ ነፋስ ከቆሼ ሲነሳ እንደምናደርገው ዘጋሁት። የስኳሩ ይሻላል፣ አልዋሽም።

እትዬ አስካለ ስልክ ይዘው ሰው ሲሰበስቡ ዋሉ። ቢኒን የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል፤ ያም ሆኖ ማንም አልመጣም አላላቸውም። ከሰዓት በኋላ ቢኒ ወጥቶ እንደሆነ አጣርተው፣ እሱ ካለበት ፎቅ ሥር የሚኖሩ የአገሩ አሮጊት ጋ ሄዱና ነገ ጠዋት ለቅሶ እንደሚሰማ ነገሯቸው። «ካልተናገርክ ፖሊስ ይጠራሉ። ከነገርካቸው ግን አበባ ይዘው ይመጣሉ» አሉኝ። እንግዲህ እዚያም ጎረቤቱ ከልጁ ቀድሞ አወቀ። ኮልፌን ይዤው ሄጃለሁ ማለት ነው።

እኔ ከተማውን ዞርኩ። ሃያ ዓመት በር ሠርቻለሁ፤ ግሮኒንገን ውስጥ አንድ የብረት ግቢ በር አላየሁም። አጥር የለም። የሳሎኑ መስኮት ትልቅ መስታወት ሆኖ፣ መጋረጃው ተገልጦ፣ ሰውየው ከነቤተሰቡ ሲበላ ከመንገድ ይታያል። እዚህ ብኖር ሥራ ፈት ነበርኩ። የሚደብቁት የላቸውም ይሆን? አላውቅም። እኛ ባለ ሦስት ሜትር በር ዘግተን ምን እንደምንደብቅ ግን አውቃለሁ።

ገበያው ላይ፣ ዓሣ በሚሸጥበት በኩል፣ ቢኒን አየሁት።

ሳይክል እየገፋ ነበር። ከስቷል፣ ጢም አሳድጓል። ከኋላ አንድ ነጭ የላስቲክ ወንበር፣ መደገፊያ ያለው፣ በገመድ አስሯል። ገመዱ ሲላላ ቆሞ አጠበቀው፤ ወንበሩን በእጁ ተጭኖ ጥንካሬውን ሞከረ። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ቆማ መታጠብ አትችልም ነበር፤ ለዚያ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሮጬ ልይዘው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ከዓሣ ሻጩ ድንኳን ጀርባ ተደበቅኩ፤ አርባ አራት ዓመቴ ነው። ቢኒ እስኪርቅ በበረዶ ላይ የተደረደረውን ዓሣ ሳይ ቆየሁ።

እሑድ

ገና አልነጋም፣ ካፊያ አለ። ስድስት ሆነን ተነሳን፦ እትዬ አስካለና እኔ፣ አንድ ኤርትራዊ አውቶቡስ ሹፌር፣ አንድ ዲያቆን፣ ሁለት ተማሪ ሴቶች። ዲያቆኑ በሳይክል ነው የመጣው። አንደኛዋ ተማሪ «አውቀዋለሁ፣ ላይብረሪ አይቼዋለሁ» እያለች ከመንገድ ጀምሮ ታለቅሳለች። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውንም እኔ በሆዴ አልኩ።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የዚያ አገር ደረጃ መሰላል ነው፣ በእጅ እየተያዘ ነው የሚወጣው። ከፊት ሆኜ ደወልኩ። ቢኒ በቁምጣ፣ በባዶ እግሩ ከፈተ።

«ጋሼ! እንዴ! ማታ አይደል እንዴ ያላችሁኝ?» አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ አየ፤ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ የሚታዩት የሰው ጭንቅላቶች ብቻ ናቸው። ሻንጣ ያገዙን ሰዎች መስለውታል መሰለኝ። «እማዬስ? ደረጃው ከበዳት አይደል? ምነው ብቻዋን ታች ተዋችኋት!» አለና በመሀላችን እየተሽሎከለከ በባዶ እግሩ ወደ ታች ሮጠ።

ማንም አልያዘውም። እኔም አልያዝኩትም። እግሩ ደረጃውን ሲመታ ሰማን፤ የመንገዱ በር ተከፈተ፤ «እማ!» ሲል ተሰማ። እትዬ አስካለ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተዘጋና ሲወጣ ተሰማን፤ አንድ ደረጃ፣ ቆም፣ አንድ ደረጃ። ታጠፈና የእትዬ አስካለን ነጠላ ከታች ወደ ላይ አየው። ያኔ ሴቶቹ ጮኹ።

«ሞታለች» የምትለዋን ቃል ማንም አልተናገራትም። በእኛ ደንብ አያስፈልግም፤ ሰው ይመጣል፣ ይለቀሳል፣ ይገባሃል።

ቢኒ አላለቀሰም። ሰው ሁሉ እንዲቀመጥ ቦታ አመቻቸ። ክፍሉ አንዲት ናት፤ አልጋው አዲስ አንሶላ ተነጥፎበት፣ ሁለት ትራስ ተደርቦ፣ ከሥሩ የሱፍ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል። የራሱ ፍራሽ ወለል ላይ ነው። ነጩ ወንበር በክፍቱ የባኞ በር ይታያል። ሹፌሩ ወንበር ሲያጣ ሊያመጣው ተነሳ፤ ቢኒ ክንዱን ይዞ መለሰው።

«መቼ ነው?» አለኝ።

«ታኅሣሥ።»

በጣቱ ቆጠረ። ስድስተኛው ላይ ቆመ። «ሰኔ ላይ ቆይ ያለችኝ ማን ናት?»

«ምንትዋብ።»

«ምን በዪ ያላትስ?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። «እኔ ነኝ» አልኩት።

«ሕግ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚነግሩህ ነገር ምን መሰለህ ጋሼ? ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም። እናንተ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ ፈረዳችሁብኝ። ምን ላደርግ ኖሯል? ላለቅስላት ነበር እኮ። ሌላ ምን አደርግ ነበር?» ድምፁ ከፍ አላለም። ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ እና ማክሰኞ

ሰው ሲመጣ ሲሄድ ዋለ። በእድር ያልታወቅን ሰዎች ነን፤ ግን አንዱ ሩዝ፣ አንዱ ወጥ፣ አንዱ ውኃ ይዞ ይመጣል። የታችኛዋ አሮጊት በድስት የአተር ሾርባ አመጡ፤ ከወፍራምነቱ የተነሳ ማንኪያ ያቆማል፣ በርበሬ የረሱበት ክክ ወጥ ነው። ደጋግሜ በላሁ፤ ሐዘን ላይ ሆኜ እንዲህ መብላቴ ራሴን አስጠላኝ። ቢኒ ለሁሉም ሻይ ይቀዳል፣ ያመሰግናል፣ ኮት ያለብሳል። ለእኔ የሚናገረው የግድ የሆነውን ብቻ ነው፦ «ፎጣው እዚያ ነው። መስኮቱን ዝጋው።» የእማዬን ነጠላ ስሰጠው አጥፎ ነጩ ወንበር ላይ አስቀመጠው። እትዬ አስካለ በር ላይ ሹክ አሉኝ፣ «ያላለቀሰ ሰው ያስፈራኛል።»

ማክሰኞ ከሰዓት ለመንኩት። «ነገ አትፈርም። ተነስ አብረን እንሂድ። ሙት ዓመቷ ደርሷል። ሕግ የተማርከው ለአገርህ ነው፤ እማዬ ለአባታችን ቤት ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ደጅ ጠንታ ነው ‘ከቤቴ አንድ ሰው ሕግ ይወቅ’ ያለችው። እዚህ ጥብቅና እንኳ አትቆምም፣ ወረቀት ነው የምታዘጋጀው።»

«ወረቀት ነው» አለ። «የሰው ወረቀት። እናቱ የሞተችበት ሶማሌ ለመቅበር ልሂድ ሲል መመለሻ እንዳያጣ የሚጻፍ ወረቀት።» ከመሳቢያ የታጠፈ ነገር አውጥቶ አሳየኝ፤ በሰኔ የተቆረጠ የአዲስ አበባ ትኬት። «ሻንጣዬን አስሬ ነበር። ከተመረቅን በኋላ ሥራ ፈልገን የምንቆይበት ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ያንን ጊዜ አልፈልግም ብዬ ነበር። ቆይ ተባልኩ፣ ቆየሁ። አሁን ልቤ ውስጥ ያለው እዚህ ነው፣ እዚያ ያለው መቃብር ነው።»

ረቡዕ

ጠዋት ሱፍ ለብሶ፣ ሱሪውን ለሳይክሉ በላስቲክ አስሮ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ እስኪታጠፍ ወደ ላይ አላየም። ክፍሉን ጠረግኩ። የቁም ሳጥኑ ማጠፊያ ላልቶ ስለነበር በቢላዋ ጫፍ አጠበቅኩለት፤ የማውቀው እሱን ነው። ከቀትር በፊት ተመለሰ። የፈረመውን ውል ጠረጴዛው ላይ አደረገና እንቁላል ጠበሰልን።

ሐሙስ

ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ፤ ሻንጣዬን እሱ ያዘ። እትዬ አስካለም ለመንገድ ብለው የተጠቀለለ ዳቦ ይዘው መጡ፣ ግንባሬን ሳሙኝ። ባቡሩ ሲቆም ‘ሺፕሆል’ የሚለውን ሁለቴ አነበብኩ። አንድ እግሬ በሩ ላይ ሆኖ «ለሙት ዓመቷ ትመጣለህ?» አልኩት።

ሦስት ጊዜ ጉንጬን ሳመኝ፣ እንደ ድሮው። «እናቴ ቆይ ብላኛለች ጋሼ» አለ። «ቃሏን አላፈርስም።»

ኮልፌ

ከተመለስኩ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቢኒ ድሮ ለእማዬ በሚደውልበት ሰዓት ስልኩ ጠራ። ምንትዋብን ነው የፈለገው። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተችው። አልሰደባትም። እንዲህ አላት፦

«ምንትዬ፣ እንደዚያን ቀን አናግሪኝ።»

«እንዴት?»

«በእማዬ ድምፅ። ‘ና’ በይኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ምንትዋብ ወደ እኔ ዞረች። በዚህ ጊዜ ምን እንደምትል አልነገርኳትም። ነጠላዋ አፏ ላይ ነበር፤ አወረደችው።

«ቢኒዬ፣ እኔ ምንትዋብ ነኝ» አለችው። «እማዬ ሞታለች።»

ያንን ቃል ለወንድሜ የነገረው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። እኔ ለፖሊስ ነግሬያለሁ፤ ለእሱ አልነገርኩትም። ስልኩ የተዘጋ መሰለን። ከዚያ ቢኒ እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን፣ አለቀሰ። ብቻውን እንዳይሰማ ብለን አሥር ወር የደበቅነውን ብቻውን አለቀሰው። ምንትዋብ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። እኔና እሷ መሬት ላይ ዙሪያውን ተቀመጥን፤ እስኪበቃው ድረስ አልዘጋነውም።